ሰርተፊኬት ለማሳደስ ነጥብ መግዛት ያዋጣል ወይ? የሞከርኳቸው አገልግሎቶች

የሳይበር ደህንነት ሰርተፊኬት ጊዜው ሲደርስ ይታደሳል፣ ለማሳደስም በስልጠናና በመሳሰለው የሚሰበሰብ ነጥብ ይጠየቃል፤ ሰርተፊኬት ሰጪው ኮምፕቲያ ነጥቡን ሲኢዩ ይለዋል፣ ሌላው ሰጪ አይኤስሲ ቱ ደግሞ ሲፒኢ። የቸኮለ ሰው እዚሁ ይገላገል። «50 ነጥብ በአንድ ጥቅል»፣ «የሦስት ዓመት ሲፒኢ በአንድ ቅዳሜና እሁድ» እያሉ የሚሸጡትን አትግዙ። የኮምፕቲያን የመሠረታዊ ደህንነት ሰርተፊኬት፣ ሴኩሪቲ ፕላስን ብቻ ለያዛችሁ ሰዎች ገንዘብ ቢወጣባቸው የማይቆጩ ሁለት ነገሮች አሉ፣ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ። የአይኤስሲ ቱን ሲአይኤስኤስፒ (የነባር ባለሙያው) ወይም ሲሲ (የጀማሪው) ያላችሁ ደግሞ ከዓመታዊ መዋጮው ሌላ ሰባራ ሳንቲም ሳታወጡ ትጨርሳላችሁ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ማወቅ የፈለገ ይቀጥል።

እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ስለ ሴኩሪቲ ፕላስ የሚያወራ አይጠፋም። አይገርምም። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት በሚያሠራው የኮንትራት ሥራ ላይ ኔትወርክና ሰርቨር የሚነካ ሰው ሰርተፊኬት ይጠየቃል። ድሮ 8570 በሚባል መመሪያ ይመራ የነበረው ነገር በ2023 8140 ወደሚባለው ተዛውሯል (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ሴኩሪቲ ፕላስ ግን እዚያም አለ። ስለዚህ ስለ ፈተናው ሁሉም ይጠይቃል። የቱ መጽሐፍ ይሻላል፣ የቱ ቪዲዮ፣ ስንት ሳምንት ይፈጃል። ስለ እድሳቱ የሚጠይቅ ግን የለም። ሰው የሚጠይቀው ሁለት ወር ሲቀረው ነው፣ ያኔ ደግሞ ጭንቀት ስላለ ያገኘውን ሁሉ ይገዛል። ነጋዴዎቹም ይቺን ያውቋታል።

ሕጉ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሴኩሪቲ ፕላስ የሚያገለግለው ሦስት ዓመት ነው። በነዚያ ዓመታት ውስጥ 50 ሲኢዩ ትሰበስባላችሁ፣ በዓመት 50 ዶላር፣ በድምሩ 150 ትከፍላላችሁ። ለሌሎቹ የኮምፕቲያ ሰርተፊኬቶች፣ ለኔትወርክ ፕላስ 30፣ ለኤ ፕላስ 20፣ ለሳይሳ ፕላስ 60 ሲኢዩ ነው። ከ2011 በፊት ያለፉ ሰዎች የዕድሜ ልክ ነው የተሰጣቸው፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ሲያጋጥመኝ በግልጽ እቀናለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ነጥቡን ሞልቶ ክፍያውን የረሳ ሰው አልታደሰም። ሁለቱም ናቸው የሚፈለጉት።

አሁን ወደ ኮምፕቲያ አካውንት እንግባ። ቅጹ ራሱ አያስቸግርም። ያደረጋችሁትን ነገር ዓይነት ትመርጣላችሁ፣ ስልጠና ነው፣ ዌቢናር ነው፣ የኮሌጅ ትምህርት ነው፣ የሥራ ልምድ ነው፤ ቀኑንና ሰዓቱን ትሞላላችሁ፤ ማስረጃውን ትሰቅላላችሁ፤ አለቀ። ጣጣው ያለው ማስረጃው ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ስማችሁ፣ የስልጠናው ስም፣ ያለቀበት ቀንና የሰዓቱ ብዛት መኖር አለበት። ይዘቱም ቢያንስ ግማሹ ከፈተናው ርዕሶች ጋር መግጠም አለበት። ስለ ኤክሴል የወሰዳችሁት ኮርስ ሥራ ቦታ የቱንም ያህል ቢጠቅማችሁ እዚህ ቦታ የለውም።

በሙያው ሥራ ላይ በመሆናችሁ ብቻ በዓመት 3 ነጥብ ታገኛላችሁ፣ በሦስት ዓመት 9። ከአለቃ አንድ ደብዳቤ ማጻፍ ነው። አብዛኛው ሰው ግን ይሄን አያውቅም፣ የሚያውቀውም አለቃውን መጠየቅ ያፍራል። ምን ያሳፍራል? ከሃምሳው ውስጥ ዘጠኙ እዳው ገብስ ነው።

ስለ ወረቀቱ የማጠብቀው በምክንያት ነው። አንድ የቪዲዮ ኮርስ የሚሸጥ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ ገጹ ላይ በትልልቁ «ለሲኢዩ የሚሆን» ብሎ ጽፎ ሸጠልኝ። ኮርሱን ጨርሼ ሰርተፊኬቱን አወረድኩት። ያምራል። ወርቃማ ጠርዝ አለው፣ ማኅተም የመሰለ ነገር አለው፣ የማን እንደሆነ የማይነበብ ፊርማ አለው። የሰዓት ብዛት ግን የለውም። ለደንበኞች አገልግሎት ብጽፍላቸው «ሰዓቱ በኮርሱ ገጽ ላይ ተጠቅሷል» አሉኝ። ገጹ ላይ መጠቀሱን እኔም አውቃለሁ፣ እኔ የጠየቅኩት ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ነው! ስንጻጻፍ ከርመን በመጨረሻ የተስተካከለ ላኩልኝ፣ ግን የላኩት ስማቸውን ጠርቼ አስተያየት እጽፋለሁ ካልኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ከማንም ኮርስ ከመግዛታችሁ በፊት የሰርተፊኬታቸውን ናሙና አሳዩኝ በሉ። የሚያሳያችሁ ከሌለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ዞር በሉ።

ገንዘብ ቢወጣባቸው አይቆጭም ካልኳቸው አንደኛው ሰርትማስተር ሲኢ ነው። የኮምፕቲያ የራሱ የኢንተርኔት ኮርስ ሲሆን፣ እሱን ብቻ ስትጨርሱ ሰርተፊኬታችሁ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። ነጥብ መቁጠር የለም፣ ወረቀት መስቀል የለም። የሦስት ዓመቱ ክፍያም ዋጋው ውስጥ ስለተካተተ ሂሳቡን ስትሠሩ 150ውን ቀንሱለት፤ የቀረው ልዩነት ያን ያህል አይደለም። ፈተና ጣቢያ አትሄዱም፣ በካሜራ የሚያያችሁ የለም። ጥያቄ ከሳታችሁ ወደ ትምህርቱ ተመልሳችሁ እንደገና ትሞክራላችሁ። ከሥራ መልስ ልጆች ከተኙ በኋላ በትንሽ በትንሹ የሚያልቅ ነገር ነው።

ያስተምራል ወይ ካላችሁኝ፣ ግማሽ ለግማሽ። 601 የሚባለውን የድሮውን ፈተና ላለፈ ሰው፣ እሱ በ2024 የተዘጋው ነው፣ በአዲሱ 701 ላይ ሰፋ ብለው የመጡትን ነገሮች ማየት ጥቅም አለው። ለምሳሌ ዜሮ ትረስት፣ ማለትም ማንንም ሳያረጋግጡ አለማመን፣ አለ። ሌላው ግን የምታውቁትን መልሶ መላልሶ የሚጠይቅ ነው። የፈተናው ርዕሶች ውስጥ መኪና ሕንፃ ውስጥ ጥሶ እንዳይገባ በር ላይ የሚተከለው ምሰሶ ሳይቀር አለ፣ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሎግ (ኮምፒውተሮች የሠሩትን የሚመዘግቡበት) ላይ አፍጥጬ የምውል ሰው ነኝ፣ ምሰሶ ማን ያስተክለኛል። የሆነው ሆኖ ሥራና ቤተሰብ ላለው ሰው ጊዜ ያተርፋል፣ እኔም የምመክረው ለዚያ ነው። ብቻ ብቁ መሆናችሁን አካውንታችሁ ውስጥ ሳታዩ አትክፈሉ፣ ለሁሉም ሰው ክፍት አይደለም። ጊዜው ሳያልፍም መጨረስ አለባችሁ፤ መግዛት ብቻውን አያድንም።

ሁለተኛው ከፍ ያለ ፈተና መውሰድ ነው። ሳይሳ ፕላስን ካለፋችሁ ከሥሩ ያሉት፣ ሴኩሪቲ ፕላስ፣ ኔትወርክ ፕላስና ኤ ፕላስ፣ አብረው ይታደሳሉ። ፈተናው ከ400 ዶላር በላይ ነው፣ ርካሽ ነው አልልም። ግን ሶክ (የድርጅትን ኔትወርክ ከጥቃት የሚከታተል ክፍል) ውስጥ ለሚሠራ ወይም ወደዚያ ለመግባት ለሚፈልግ ሰው ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም የታደሰ አሮጌ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሲቪ ላይ የሚጨመር አዲስ መስመር ይዛችሁ ትወጣላችሁ። አንድ ዓመት ሲቀራችሁ ጀምሩት። ሁለት ወር ሲቀር «ሳይሳ ልፈተን» ማለት ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው፤ ሳይሳውን ወድቃችሁ ሴኩሪቲ ፕላሱም ጊዜው አልፎበት ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ።

ሲአይኤስኤስፒ ያለፈ ሰው ደግሞ እሱኑ ለሴኩሪቲ ፕላስ 50 ነጥብ አድርጎ ማስገባት ይችላል። ክፍያው አይቀርለትም፣ ነጥቡ ግን በአንድ ወረቀት ይሞላል።

የአይኤስሲ ቱ ቤት ግን ሌላ ዓለም ነው። ሲአይኤስኤስፒ በሦስት ዓመት 120 ሲፒኢ ይጠይቃል። ቢያንስ 90ው ከደህንነት ሙያው ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፣ የተቀረው 30 እንደ አመራርና አቀራረብ ያለ አጠቃላይ የሙያ ስልጠና ቢሆንም ያልፋል። መዋጮው በዓመት 135 ዶላር ነው። 120 ሲባል ያስደነግጣል፣ ሲከፋፈል ግን በወር ሦስት ሰዓት ከምናምን ነው። ሲሲ 45 ሲፒኢና 50 ዶላር ነው፣ ሲሲኤስፒ (የክላውድ ደህንነቱ) 90 ሲፒኢ። ሁለት ሦስት የአይኤስሲ ቱ ሰርተፊኬት ያለው ሰው መዋጮውን የሚከፍለው አንዴ ብቻ ነው።

የወደድኩት ሰው ማመናቸውን ነው። ምን እንዳደረጋችሁ፣ መቼና ስንት ሰዓት እንደፈጀ ትጽፋላችሁ፣ ይመዘገባል። ማስረጃው እናንተ ጋ ይቀመጣል። አልፎ አልፎ በዕጣ መርጠው «እስኪ አሳዩን» ይላሉ፣ ስለዚህ ኮምፒውተራችሁ ላይ አንድ ፎልደር ክፈቱና ሁሉንም እዚያ ጣሉ። የራሳቸውን ዌቢናሮች የአባልነት ቁጥራችሁን አስገብታችሁ ካያችሁ ደግሞ ነጥቡ በራሱ ይገባል። የተቀዳውም ይቆጠራል፣ በቀጥታ የግድ አይደለም። ዌቢናሮቹ ሁሉ ጥሩ ናቸው ማለቴ አይደለም። ስፖንሰር ያለው ከሆነ የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ስለ አደጋው ነው፣ ቀጣዩ ሃያ ደቂቃ አደጋውን ስለሚያቆመው የስፖንሰሩ ዕቃ ነው። ልብስ እያጠፉ መስማት ይቻላል።

ጥናት ብቻም አይደለም የሚቆጠረው። መጽሐፍ ማንበብ ይቆጠራል፣ ማስተማር ይቆጠራል፣ ለማስተማር የተዘጋጃችሁበት ጊዜም ይቆጠራል። እኔ በበጎ ፈቃድ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ስለ ስልክ ማጭበርበር ለትልልቅ ሰዎች አስረድቻለሁ። «ከአይአርኤስ ነው የምንደውለው፣ ጊፍት ካርድ ገዝታችሁ ከጀርባው ያለውን ቁጥር አንብቡልን» ስለሚሉት ሌቦች። ስጨርስ አንዲት እናት እጄን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ለእኔ ደውለው የልጅ ልጅሽ ታስሯል ብለውኛል፣ ድምፁም የሱ ይመስላል» አሉኝ። «እማማ፣ እንዲህ ሲሉዎት ስልኩን ይዝጉና ራስዎ ለልጁ ይደውሉለት» አልኳቸው። «ቢቆጣኝስ?» አሉ። ቤቱ ሳቀ፣ ግን ጥያቄው የምር ነበር። የድምፅ ማስመሰል እንዴት እንደሚሠራ በአማርኛ ለማስረዳት ብዬ ያነበብኩት ከየትኛውም ዌቢናር የበለጠ አስተምሮኛል። ሰዓቱንም አስመዝግቤዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ እድር፣ የወላጆች ኮሚቴ፣ ሁሉም እንዲህ ዓይነት ሰው ይፈልጋል።

በነጻ ወይም በርካሽ ነጥብ የሚሰጡ ከሞከርኳቸው ውስጥ አንቲሳይፎንን አስቀድማለሁ። ብላክ ሂልስ የሚባለው የደህንነት ኩባንያ ሰዎች የሚያካሂዱት ማሰልጠኛ ነው፣ አንዳንዶቹን ኮርሶች «የምትችለውን ክፈል» ብለው ይሰጣሉ። ጆን ስትራንድ የሚያስተምረው የሶክ መሠረታዊ ክህሎት ኮርስ 16 ሰዓት ነው፣ በአራት ቀን ተከፍሎ። እውነተኛ ላብ አለው፣ እጃችሁን አስገብታችሁ ትሠራላችሁ። ሰውየው ይቀልዳል፣ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ ከርዕሱ ይወጣል፣ ግን ማስተማር የሚወድ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። ሰርተፊኬቱ ላይ የሰዓቱ ብዛት አለ፤ ያኔ ከተቃጠልኩ በኋላ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በዚህ በምሥራቁ ሰዓት ከእኩለ ቀን ጀምሮ ስለሆነ የቀን ሥራ ላለው ያስቸግራል፣ ለማታ ተረኛ ተመችቶታል፣ አዲስ አበባ ላለ ሰው ደግሞ ከማታው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስለሚሆን እንዲያውም ከእኛ ይሻላል።

ሳንስ የሚባለውን የደህንነት ማሰልጠኛ ስትሰሙ ዋጋው ትዝ ይላችኋል፣ አንዱ ኮርስ ከ8,000 ዶላር በላይ ነው። ግን ዌብካስቶቹ ነጻ ናቸው፣ አካውንት ከፍታችሁ ካያችሁ አንድ አንድ ሲፒኢ ከነሰርተፊኬቱ ታወርዳላችሁ። በየጊዜው የሚያዘጋጁት የኦንላይን ሰሚትም አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ነው፣ በአንድ ቀን ብዙ ሰዓት ይሰበሰብበታል። በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ላይ የሚያወጡት የበዓል የሃክ ውድድር ደግሞ ከሁሉም ደስ ይላል፣ ጨዋታ ነው፣ ሳታስቡት ትማራላችሁ።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ በነጻ እያለ ነው አንዳንዱ የነጥብ ጥቅል የሚሸጠው። የገዛሁትን አንዱን ልንገራችሁ፣ የሱም ስም ይቅር። ስላይድ ነው። ድምፅ የለውም። «ቀጣይ» የሚለውን እስክትጫኑ ሰዓት ይቆጥራል፣ ከዚያ አምስት ጥያቄ አለ፣ መልሶቹ በድምቀት የተጻፉት ቃላት ናቸው። ለይስሙላ የተሠራ ነገር ነው። ነጥቡ ይገባል፣ አይካድም። ነገ ሥራ ቦታ አለርት ሲጮህ ግን ከዚያ ስላይድ የምታስታውሱት አንድም ነገር የለም። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለው እንዲህ ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁ ለየት ያለ ነገር አለ። አይኤስሲ ቱ በ2022 አንድ ሚሊዮን ሰው በነጻ እናስተምራለን ብሎ የሲሲን ስልጠናና ፈተና በነጻ ከፍቶ ነበር፣ በዚያ በኩል ሲሲ የያዙ አገር ቤት ያሉ ልጆች አውቃለሁ። ፈተናው ነጻ ነበር፣ በየዓመቱ የሚከፈለው 50 ዶላር ግን ነጻ አይደለም። የብሩ ካርድ እዚያ አይሠራም፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ውጭ ያለ ዘመድ ይከፍላል። ይሉኝታ ይዟችሁ መጨረሻው ሳምንት ላይ «ወንድሜ፣ ዛሬ ካልተከፈለ ይሰረዝብኛል» ብላችሁ ከምትደውሉ ዓመቱ ሲጀምር ተነጋገሩ፣ ለኛም ይቀላል። 45ቱ ሲፒኢ ራሱ በዓመት 15 ሰዓት ነው፣ ኢንተርኔቱ ሲመች የተቀዱትን ዌቢናሮች ማየት ይበቃል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ኢንሳ በሚያዘጋጀው የሳይበር ደህንነት ወር ላይ የምትሰሙትን ገለጻም ቀኑን፣ ርዕሱንና ሰዓቱን መዝግባችሁ ያዙ፣ የመርሐ ግብሩን ወረቀት ፎቶ አንሱት። ርዕሱ ከሙያው ከሆነ የማይቆጠርበት ምክንያት የለም።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ኢሳካ የሚባለው ማኅበር የሚሰጣቸው ሲሳና ሲዝም (የኦዲትና የደህንነት አስተዳደር ሰርተፊኬቶች) 120 በሦስት ዓመት ናቸው፣ ግን በየዓመቱ ቢያንስ 20 ይጠይቃሉ። ስለዚህ «መጨረሻው ዓመት ላይ እሰበስበዋለሁ» የሚባል ነገር እዚያ አይሠራም፣ ይሄ ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ጥሩ ነው። አባል ከሆናችሁ ዌቢናሮቻቸው ነጻ ናቸው። ሲኢኤች (ሕጋዊ የሃኪንግ ሰርተፊኬቱ) 120 ነጥብና በዓመት 80 ዶላር ይፈልጋል፣ የሥራ ማስታወቂያው በስም ካልጠየቃችሁ ባታሳድሱት አልፈርድባችሁም። ከሳንስ ኮርሶች ጋር የሚሄደው ጂያክ የሚባለው ሰርተፊኬት አራት ዓመት ይቆያል፣ 36 ሲፒኢ ብቻ ነው፣ ማሳደሻው ግን ወደ 500 ዶላር ነው፤ መሥሪያ ቤት ካልከፈለ ማን ይነካዋል።

ማይክሮሶፍት ግን ሁሉንም አሳፍሯል። እንደ ኤስሲ 200 ያሉት ሰርተፊኬቶቹ በየዓመቱ ነው የሚታደሱት፣ ስድስት ወር ሲቀረው በራሱ ገጽ ላይ አጭር ፈተና ይከፈታል፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ መጽሐፍ ገልጣችሁ ትሠሩታላችሁ፣ ክፍያ የለም። ጥያቄዎቹም በዓመቱ ስለተለወጡት ነገሮች ናቸው። ሌሎቹ ይሄን ማድረግ ያልቻሉት ለምን እንደሆነ ከገንዘብ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ኮንትራክተር የሆናችሁ ሰዎች ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ኤችአርን ጠይቁ። ሰርተፊኬቱን ውሉ የሚያስገድድ ከሆነ ብዙ ኩባንያ ማሳደሻውን ይከፍላል፣ ጥያቄው ግን ከግዢው በፊት በጽሑፍ መቅረብ አለበት፣ ከገዛችሁ በኋላ ሪሲት ይዛችሁ ብትሄዱ «አስቀድመህ አልጠየቅክም» ይሏችኋል። የድሮ መሥሪያ ቤቴ ሰርትማስተሩን ሳያንገራግር ከፍሎልኛል። የአሁኑ ስለ 135ቱ ዶላር ገና እያሰበበት ነው።